ለሠርግ ኬክ አበባ አመራረጥ፤ ከአበባ ቤቱ እስከ መቁረጫው ቢላ

ብዙ ሠርግ ላይ የኬኩ አበባ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ኬኩ አዳራሽ ይደርሳል፤ ዲኮር የሚሠሩት ልጆች መድረኩን አስውበው የተረፋቸውን አበባ ይቆርጡና ክሬሙ ላይ ይሰኩታል። ፎቶው ያምራል። ነገር ግን ያ አበባ የበቀለው ለአበባ ማስቀመጫ እንጂ ለአፍ አይደለም። እርሻ ላይ የተረጨው ፀረ ተባይ፣ ግንዱ ተነክሮ ያደረበት ውኃ፣ አልፎ አልፎም አበባው በተፈጥሮው የያዘው መርዝ ከክሬሙ ጋር ተቆርጦ እንግዳው ሳህን ላይ ያርፋል። ሳህኑን የሚቀበለው ደግሞ ትንሽ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ነፍሰ ጡርም ልትሆን ትችላለች።

እኔ ኬክ እሠራለሁ፤ አበባ ያለበት የሠርግ ኬክም እወዳለሁ። አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ኬክ ምግብ ነው፤ እላዩ ላይ የሚያርፍ ሁሉ መጀመሪያ እንደ ምግብ፣ ቀጥሎ እንደ ጌጥ ይመረጥ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው በዚሁ ሐሳብ ነው። ለሙሽሮች፣ ለሚዜዎች፣ ቤታቸው ኬክ ለሚሠሩና ዲኮር ለያዙ ሁሉ ይሆናል።

1. አበባ ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

ኬክ ሠሪው፣ ዲኮሩን የያዘው ሰውና አበባ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አይተዋወቁም። ሦስቱን በስልክም ቢሆን አገናኙ። በተለይ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ሠርግ ይደራረባል፤ በዚያ ሰሞን አንድ ኬክ ቤት በአንድ ቅዳሜና እሑድ ብዙ ኬክ ስለሚያወጣ ዝርዝሩን አስቀድሞ ያልተነጋገረ ሰው ያገኘውን ይቀበላል።

ክሬሙ ምንድን ነው? የተመታ ክሬም ለስላሳ ነው፤ ከባድ አበባ ጎኑ ላይ ሲሰካ ይንሸራተታል፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ብዙ መቆየትም አይችልም። የቅቤ ክሬም ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ አበባ በደንብ ይይዛል። ፎንዳንት፣ እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬኩን የሚያለብሰው የስኳር ሽፋን፣ ከሁሉም ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ግን ከፍሪጅ ሲወጣ ያልበዋል፣ ቀለም የሚለቅ አበባ ካለበትም ነጠብጣቡ ይታያል።

ስንቱ ደርብ እውነተኛ ኬክ ነው? ባለ አምስትና ባለ ስድስት ደርብ ሆነው ከሚቆሙት ኬኮች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፎም ነው፤ ለእንግዳው የሚቀርበው ወጥ ቤት ውስጥ ከተዘጋጀ ሌላ ኬክ ተቆርጦ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ወጪም ይቀንሳል። ለአበባ ምርጫ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ማንም የማይበላው የፎም ደርብ ላይ የአበባ ቤት ጽጌረዳ እንደልብ መሰካት ይቻላል። የሚበላው ደርብ ላይ ግን ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ የትኛው ደርብ የትኛው እንደሆነ በወረቀት ላይ ሣሉና ምልክት አድርጉ።

ኬኩ ስንት ሰዓት ይቆማል? ብዙ ጊዜ ኬኩ አዳራሽ የሚገባው ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሙሽሮቹ ከፎቶ ፕሮግራም ተመልሰው የሚቆርጡት ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ሲመሽ ነው። አበባው ያን ሁሉ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት አለበት። ምርጫችሁን ከቀለም ይልቅ የሚወስነው ይህ ነው።

አበባውን በእጁ የሚያስቀምጠው ማን ነው? መልሱ የአንድ ሰው ስም ይሁን። «ዲኮሮቹ ያደርጉታል» ከተባለ፣ የትኞቹ አበቦች ኬኩን እንዳይነኩ ለዲኮሩ ኃላፊ በጽሑፍ ላኩለት።

2. ትኩስ ይሁን፣ የስኳር ይሁን ወስኑ

በ2011 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ሲያገባ የቀረበው ባለ ስምንት ደርብ ኬክ ያጌጠው በስኳር በተሠሩ አበቦች ነበር። ወንድሙ ልዑል ሃሪ በ2018 ሲያገባ ደግሞ በቅቤ ክሬም የተሸፈነ የሎሚ ኬክ ቀረበ፤ ያጌጠውም በትኩስ አበባ ነበር፤ ፒዮኒና ጽጌረዳ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም መንገድ ተሄዶበታል። የትኛውም ከሌላው አያንስም፤ የሚለያዩት በጊዜ፣ በዋጋና በጥንቃቄ ዓይነት ነው።

የስኳር አበባ ከሠርጉ ሳምንታት ቀድሞ መሠራት ይችላል፤ አይጠወልግም፣ መድኃኒት አልነካውም፣ የፈለጋችሁትን ቀለም ይይዛል። በዚያ ወር አገር ውስጥ የማይገኝ አበባም በስኳር ይገኛል። ቤት ውስጥ መሞከር ለሚፈልግ፦ 250 ግራም ፎንዳንት ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ የሚባለውን ማጠንከሪያ ዱቄት ጨምራችሁ አሹት፤ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት። የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ዳምጡት፤ ቅጠሉን ቁረጡ፤ ጠርዙን ጫፉ ኳስ በሆነ መሣሪያ አሳሱ። ለጽጌረዳ መካከሉን እንደ እንባ ጠብታ ሠርታችሁ አንድ ሌሊት አድርቁ፤ ከዚያ ቅጠሎቹን በዙር በዙር ጨምሩ፤ በየዙሩ መካከል እንዲደርቅ ጊዜ ስጡት። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ማድረቂያውን ጊዜ አስረዝሙ። ያለቀውን አበባ በካርቶን አስቀምጡት እንጂ ፍሪጅ አታስገቡት፤ እርጥበት ይስብና ይዘምማል። ሽቦ ላይ የተሠራ ከሆነ ደግሞ አበባው ስኳር ቢሆንም ሽቦው ምግብ አይደለም፤ ደረጃ 7 ላይ የምናየው መከለያ ለእሱም ያስፈልጋል።

በክሬም በቱቦ የሚሠራ አበባ ከሁሉም ይቀልላል፤ ሙሉ በሙሉ ይበላል። በጀት ለሚጠብብበት ሠርግ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የጨርቅና የፕላስቲክ አበባ ግን ክሬም እንዲነካ አልፈልግም፤ ቀለሙና ሙጫው ለምግብ አልተሠራም፣ ሱቅ ውስጥም አቧራ ጠጥቶ የቆየ ነው። የግድ ከሆነ ፎም ደርብ ላይ ብቻ።

ትኩስ አበባ ከመረጣችሁ ቀጥሉ፤ ሥራው የሚበዛው እዚህ ነው።

3. ኬክ አጠገብ የማይደርሱትን አበቦች አስወጡ

ከቀለምም ከዋጋም በፊት ይህን አድርጉ። ቆንጆ ሆነው መርዝ የያዙ አበቦች ብዙ ናቸው፤ ጥቂቶቹም ሠርግ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚወደዱት ናቸው።

ካላ ሊሊ፣ ነጩ ቀንድ መሳይ አበባ፣ ለሙሽራ እቅፍ ተወዳጅ ነው። ውስጡ ግን እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉት፤ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። አንቱሪየምም እንደዚያው ነው። ሙሽሪት በእጇ ትያዘው፤ ኬኩ ላይ ግን አይሁን።

ሃይድራንጂያ በአዲስ አበባ ግቢዎች በብዛት የሚያብበው ትልቅ ሰማያዊና ሮዝ ኳስ ነው። አንዱ ብቻ የኬኩን አናት ስለሚሸፍን ዲኮር ሠሪዎች ይወዱታል። ሲበላ ሳያናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር አለው፤ በዚያ ላይ ከውኃ ሲወጣ ቶሎ ይሟሽሻል። ሁለቱም ምክንያት ለየብቻው ይበቃል።

ኦሊያንደር በየከተማው አጥርና መንገድ ዳር ሮዝ፣ ነጭና ቀይ ሆኖ የሚያብበው፣ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን የሆነው ቁጥቋጦ ነው። ባሕረ ሰላጤ አገሮችም በየመንገዱ አለ። ከሥሩ እስከ አበባው ልብን የሚጎዳ መርዝ ነው። ግቢ ውስጥ ስላለ ብቻ ተቆርጦ ኬክ ላይ እንዳይደርስ።

ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚያብበው ትልቁ መለከት መሳይ አበባ የአስተናግር ዘመድ ነው፤ አእምሮን ያዛባል። የወፍ ቆሎ ያማሩ ጥቃቅን ቀለማት ቢኖሩትም ይቅር። ለገና ሰሞን የሚቀላው ፖይንሴቲያ ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳና አፍ ያስቆጣል። በአጠቃላይ ግንዱ ሲቆረጥ ወተት የሚወጣውን ሁሉ ተዉ። ወተት አለመውጣቱ ግን ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ፣ ዳፎዲል፣ ፎክስግለቭ፣ ዴልፊኒየምና ስዊት ፒ በፀደይ ሠርግ ሁሉ ይቀርባሉ፤ አምስቱም መርዛማ ናቸው።

ስለ ጂፕሶፊላ ብዙ እጠየቃለሁ፤ እንደ በረዶ የተበተነችው ነጭ አበባ ርካሽ ናት፣ ፎቶ ላይ ታምራለች። ግን ቆዳና ሆድ የሚያስቆጣ ሳፖኒን አላት፤ ጥቃቅን ክፍሎቿም ይረግፋሉ፣ ክሬም ላይ የረገፈውን ለቅሞ መጨረስ አይቻልም። ከኬኩ ማቆሚያ ሥር ጠረጴዛው ላይ አድርጓት። ሃይፐሪከምም ተመሳሳይ ነው፤ ቀይ ፍሬው እንጆሪ ስለሚመስል ልጆች አንስተው ይጎርሱታል፣ ፍሬው ግን አይበላም።

መርዛማውን አበባ በፕላስቲክ ከልሎ መጠቀም ይቻል ይሆን ብላችሁ አታስቡ። ብናኙ ይበናል፣ ቅጠሉ ይወድቃል፣ አስተናጋጁ ይቸኩላል። ሌላ የሚያምር አበባ ሞልቶ ሳለ ይህን አደጋ መውሰድ አያስፈልግም። ስሙን በእርግጠኝነት የማታውቁት አበባም ከዚሁ ወገን ይቆጠር።

4. አበባው ከየት መጣ? መድኃኒቱስ?

ጽጌረዳ መርዛማ አይደለም፤ የአበባው ቅጠል ይበላል። የአበባ ቤት ጽጌረዳ ግን ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አገር ናት፤ ከዝዋይ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱና ከባሕር ዳር አካባቢ እርሻዎች የሚወጣው ጽጌረዳ በዋናነት ለውጭ ገበያ የሚመረት ነው። ለገበያው የሚወጣ አበባ ነፍሳትም ሻጋታም እንዳይኖረው ይፈለጋል፤ ስለዚህ ለሻጋታ፣ ቀይ ሸረሪትና ትሪፕስ ለሚባሉ ጥቃቅን ተባዮችም ይረጫል። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ተክሉ ውስጥ የሚሠርጉ ናቸው፤ በውኃ ቢታጠቡ አይለቁም። እንደ ካርኔሽን ያሉት ደግሞ ከተቆረጡ በኋላ ዕድሜያቸው እንዲረዝም የብር ጨው ያለበት ፈሳሽ እንዲጠጡ ይደረጋል። ለአበባ ማስቀመጫ ይህ ሁሉ ችግር የለውም፤ ለምግብ ግን ማንም አልፈተሸውም።

የምሠራበት ደንብ ቀላል ነው። ከአበባ ቤት የተገዛ አበባ ምንም ቢታጠብ አይበላም፤ ክሬሙንም በቀጥታ አይነካም። ሻጩን «ይህ ተረጭቶበታል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሐቀኛ ሻጭ «አዎ» ይላችኋል። ሰማያዊና ቀስተ ደመና መሳይ ጽጌረዳ በግንዱ ቀለም እንዲጠጣ የተደረገ ነው፤ ብልጭልጭ የተረጨበትና ቅጠሉ በስፕሬይ የተወለወለውም አለ። እነዚህን በመከለያም ቢሆን አታምጧቸው፤ ቀለማቸው ክሬሙ ላይ ይወርዳል።

ክሬሙን የሚነካና የሚበላ አበባ ከፈለጋችሁ ከሚታወቅ እጅ ይምጣ። ጓሮ ወይም በረንዳ ያለው ሰው ከሠርጉ ሁለት ወር ተኩል ቀድሞ ናስተርሽየምና ካሌንዱላ ቢዘራ ይደርስለታል፤ ችግኝ ከገዛ ፓንዚም ይሆናል። ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ የጽጌረዳ እግር ላይ ያለውን አበባ ቁረጡና ጣሉት፤ ምንም ሳትረጩ አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቶ የሚያብበውን ተጠቀሙ። መድኃኒት ሳይጠቀሙ አትክልት የሚያመርቱ ሰዎችም አበባ ቢኖራቸው ጠይቋቸው። ከመንገድ ዳር የተቆረጠ ግን ለምንም አይሁን፤ አቧራና የመኪና ጭስ ሲጠጣ የከረመ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ይህ ይቀልላችኋል፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ቅመማ ቅጠሎቹ ከሚደረደሩበት አጠገብ «ለመብል» ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ የአበባ ማሸጊያ ይገኛል። ጽሑፉ ከሌለበት እንደ አበባ ቤት አበባ ቁጠሩት።

ካሞሚልና ካሌንዱላ ከሱፍ አበባ ወገን ስለሆኑ የአበባ ብናኝ አለርጂ ያለባቸውን ሰዎች ሊያስቆጡ ይችላሉ። የቅርብ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለ በጽጌረዳ ቅጠል ተኩት።

5. ከቀሩት መካከል ምረጡ

ያለ ውኃ ብዙ ሰዓት የሚቆመው ማነው? ጽጌረዳ፣ ትንንሹ ባለ ብዙ ራስ ጽጌረዳ፣ ካርኔሽን፣ ዴንድሮቢየም ኦርኪድና ስታቲስ ይቆማሉ። ቱሊፕ ሙቀት ሲሰማው ይከፈታል፣ ይንጋደዳል። እሑድ ጠዋት ተቀምጦ ማታ ለሚቆረጥ ኬክ ከመጀመሪያዎቹ አትውጡ።

ጽጌረዳ ስትመርጡ አበባው ያደገበትን ከፍታ ጠይቁ። ሆለታና ሰበታን በመሰለ ደጋ ላይ ተክሉ በዝግታ ስለሚያድግ ራሱ ትልቅ ይሆናል። 1,600 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ባለው ዝዋይ ግን ቶሎ ስለሚያድግ ራሱ ያንሳል። ለአናቱና ለማዕዘኑ የደጋውን ትልቁን፣ ለጎንና ለደርቦቹ መገናኛ ትንሹን ውሰዱ። አንድ ደርብ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ቁመት አለው፤ ራሱ 6 ሳንቲሜትር የሆነ ጽጌረዳ የደርቡን ግማሽ ይይዛል። ከዚያ የሚበልጥ አበባ ጎን ላይ ሲሆን ኬኩን ይውጠዋል።

ስንት ይበቃል? ባለ ሦስት ደርብ ኬክ አናቱ ላይ ብቻ ለማስቀመጥ ከአምስት እስከ ሰባት ትልልቅ ጽጌረዳ ይበቃል። ከአናት እስከ ሥር እንዲወርድ ከተፈለገ 15 ትልልቅና ያንኑ ያህል ትንንሽ ይያዝ። በሁለቱም ላይ ሲሦ ያህል ትርፍ ግዙ፤ የሚሰበርና የሚጠቁር አይጠፋም። ሠርጉ የካቲት 7 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ቀይ ጽጌረዳ አስቀድማችሁ እዘዙ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14፣ የፍቅረኞች ቀን ስለሆነ ለዚያ ገበያ ይላካል፤ ያኔ ነጭ፣ ክሬምና ፒች ማግኘት ይቀልላል።

ለአረንጓዴው ቅጠል ሩቅ አትሂዱ። ባሕር ዛፍ በውጭ አገር ኬኮች ላይ ፋሽን ሆኗል፤ ዘይቱ ግን ሲበላ ይጎዳል። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ወጥ ቤታችን ውስጥ ያሉ፣ የሚበሉ፣ ያለ ውኃም የሚቆዩ ናቸው። የጥብስ ቅጠል ነጭ ጽጌረዳ አጠገብ ሲሆን ብርማ አረንጓዴው ያምራል፤ ሽታውም ኬኩ ከሎሚ ወይም ከማር የተሠራ ከሆነ ይስማማዋል፤ ለቫኒላ ክሬም ግን ሊበዛበት ስለሚችል ጥቂት ብቻ። በሶብላና ናና ለመዓዛ ግሩም ናቸው፤ ቶሎ ስለሚጠወልጉ ሊቆረጥ ሲል የሚጨመሩ ይሁኑ። ከእርሻ ሲመጡ ሊረጩ ስለሚችሉ ቅመማ ቅጠሎቹንም ከምታውቁት ሻጭ ግዙ፣ እጠቡ፣ አድርቁ።

ለመልስ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ድፎ የሚጋገርበትን ኮባ ታጥቦ ደርቆ ከኬኩ ማቆሚያ ሥር ብታነጥፉት፣ እላዩ ላይ ቀይ ጽጌረዳ ብትደረድሩ፣ ከካባውና ከጥልፉ ጋር የሚሄድ ውበት ይሰጣል። ክሬሙን የሚነካ አበባ ሳይኖርም ኬኩ የተንቆጠቆጠ ይመስላል። ድፎውና ኬኩ ጎን ለጎን ሲቀርቡም አንዱ ሌላውን አያሳንሰውም።

አደይ አበባ በመስከረም ሠርግ ብዙዎች ይፈልጉታል፤ ስሜቱ ይገባኛል። የሜዳ አበባ ስለሆነ ግን ከተቆረጠ ቶሎ ይጠወልጋል። አደይን በክሬም ወይም በስኳር ሠርታችሁ ኬኩ ላይ፣ እውነተኛውን በውኃ አድርጋችሁ ጠረጴዛው ላይ ብታደርጉ ሁለቱም ያምራሉ።

6. ቀለሙን አዳራሹ ውስጥ ፈትኑ

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። የተመታ ክሬም ፀዐዳ ነው፤ የቅቤ ክሬም ወደ ቢጫ ያደላል። ፀዐዳ ጽጌረዳ የቅቤ ክሬም ላይ ሲሆን ኬኩን ያረጀ ያስመስለዋል፤ እዚያ ላይ ክሬም ወይም ፒች ቀለም ያለው ጽጌረዳ ይሻላል። ቬሎው ነጭ ይሁን አይቮሪም በስልክ ፎቶ አትወስኑ፤ ቁራጭ ጨርቅ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ አበባና የሚዜዎቹን ቀሚስ ጨርቅ ይዛችሁ አዳራሹ መብራቱ በርቶ ሳለ ግቡ። ሐምራዊና ሰማያዊ የመድረክ መብራት ጥቁር ቀይ ጽጌረዳን ጥቁር ያስመስላል፤ ቢጫ አምፖል ነጩን ክሬም ያደርገዋል። ኬኩ ላይ ሁለት ቀለም ይበቃል፤ ሦስተኛው አረንጓዴው ነው። የሚዜዎቹን ቀለም በትክክል ለመድገም አትጨነቁ፤ አንድ ደረጃ የደበዘዘው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ያምራል።

7. ግዢው፣ ዝግጅቱና አቀማመጡ

ለእሑድ ሠርግ ዓርብ ግዙ። የጽጌረዳውን ራስ በሁለት ጣት ከሥሩ ጫን በሉት፤ ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፣ በሁለት ቀን ውስጥም በልኩ ይከፈታል። ቤት እንደገባ ግንዱን በሰያፍ ቁረጡ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አውጡ፣ ንጹሕ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አሳድሩት። ሙዝና ፖም አጠገብ አታድርጉት፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው ኤቲሊን አበባውን ያስረጀዋል። ፍሪጅ ካላችሁ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ከኬኩ ጋር በአንድ መደርደሪያ ግን አይሁን። የውጨኛዎቹን የጠቆሩ ቅጠሎች ነቅላችሁ ጣሏቸው፤ ነፍሳት ካሉም በቀስታ አራግፉ።

የሚበላውን አበባ ጠዋት ቁረጡ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡና በንጹሕ ፎጣ ላይ አድርቁ። የጽጌረዳው ቅጠል ሥር ያለውን ነጭ ጫፍ በመቀስ ቁረጡት፤ ይመራል። በስኳር የተለበጠ ቅጠል ከፈለጋችሁ ለምግብ የተዘጋጀ ገም አረቢክ በጥቂት ውኃ አሟሙታችሁ በብሩሽ ቀቡት፣ ደቃቅ ስኳር ነስንሱበት፣ አንድ ቀን አድርቁት። ጥሬ የእንቁላል ነጭ ለብዙ እንግዳ አልመክርም።

አሁን መከለያው። የማይበላው ግንድ እርጥበቱን ክሬሙ ውስጥ እንዳያንጠባጥብ ሦስት ነገር አድርጉ። ግንዱን ወደ 4 ሳንቲሜትር አሳጥሩትና ጫፉን በቀለጠ ነጭ ቸኮሌት ወይም ቀለም ባልገባበት ንጹሕ የንብ ሰም ነክራችሁ አድርቁት። ከዚያ ግንዱን በአበባ ቴፕ ጠቅልሉት፤ ቴፑ ብቻውን መከለያ እንዳይመስላችሁ፣ እሱም ለምግብ የተሠራ አይደለም። በመጨረሻ ወፍራም ስትሮ ቁረጡ፣ አንዱን አፍ በፎንዳንት ድፈኑት፣ የተደፈነውን ወደ ታች አድርጋችሁ ኬኩ ውስጥ ስኩትና አበባውን እሱ ውስጥ አስገቡ። ለዚሁ የሚሸጥ ሹል አፍ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ካገኛችሁም ደግ ነው። ሽቦ ከሆነ በምንም መንገድ በቀጥታ አይሰካ። አናቱ ላይ ብዙ አበባ የሚከመር ከሆነ ደግሞ ከአናቱ ጥቂት ያነሰ ክብ የመጋገሪያ ወረቀት ክሬሙ ላይ አንጥፉ፤ አበባው ወረቀቱ ላይ ይረፍ፣ ሲነሳም በአንድ ጊዜ ይነሳል።

ዲኮር ሠሪዎች አበባ የሚሰኩበት አረንጓዴ ስፖንጅ ኬክ ላይ አይውጣ። ሲነኩት የሚበን ኬሚካል ነው፤ ውኃውም ይንጠባጠባል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እነሱ የለመዱት በዚያ ስለሆነ ካልተነገራቸው ይዘውት ይመጣሉ።

አበባው በኬኩ ላይ በመኪና አይሂድ። ኬኩ አዳራሽ ደርሶ ጠረጴዛው ላይ ከቆመ በኋላ አስቀምጡት። መጀመሪያ ትልልቆቹን በሦስት ወይም በአምስት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ትንንሾቹ ክፍተቱን ይሙሉ፣ አረንጓዴው የስትሮውን አፍ ይሸፍን። አበቦቹ ሁሉ ወደ ፊት አይዩ፤ አንዳንዱ ጎን ቢያይ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ከኋላ ደግሞ ጥቂት ይኑር፤ ቪዲዮ ቀራጩ በዙሪያው ይዞራልና።

ሙሽሮቹ የሚቆርጡበትን ቦታ ግን ባዶ ተዉት። ብዙ ጊዜ የሚቆርጡት ከታችኛው ደርብ ፊት ለፊት ነው፤ የቆረጡትንም እዚያው ይጎራረሳሉ። ያ ደርብ ፎም ከሆነ እውነተኛ ኬክ የገባበት ቁራጭ በየት በኩል እንዳለ ለሙሽራው በጆሮው ንገሩት።

8. ከመቆረጡ በፊት

አበባውን ያስቀመጠው ሰው ስንት ስትሮና ስንት አበባ እንደገባ በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱን ለአስተናጋጆቹ ኃላፊ ይስጥ። ኬኩ ከፎቶው በኋላ ወደ ወጥ ቤት ሲገባ መጀመሪያ አበባው በሙሉ ይነቀላል፣ ስትሮው ይቆጠራል፣ የተሰካበት ዙሪያ ያለው ክሬም በማንኪያ ይነሳል። ቁጥሩ ሳይሞላ ቢላ አይግባ። በወረቀቱ ላይ የሚበሉት አበቦች በስማቸው ተለይተው ይጻፉ፤ አስተናጋጁ የቱን ሳህን ላይ እንደሚተው የቱን እንደሚጥል በግምት እንዳይወስን። ተነቅሎ የወጣው የአበባ ቤት ጽጌረዳ ሳህን ማስጌጫ ሆኖ ተመልሶ እንዳይመጣም አብሮ ይነገረው። ግንዱን አሳጥራችሁታልና የተነከረውን ጫፍ ቆርጣችሁ በብርጭቆ ውኃ አድርጋችሁ ለሙሽሪት እናት ብትሰጡ ጥቂት ቀን ይቆያል።